የሥራ ሂደትን በሠራተኛው እጅ መሣል፦ የኅብረተሰብ ጤና ሠራተኞችን ለሚያሠለጥኑ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ትናንት ሲሮጥ የዋለ የሦስት ዓመት ሕፃን ዛሬ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ቢለው፣ ሕመሙ ፖሊዮ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ከዚያች ዕለት ጀምሮ የሚቆጠር የ14 ቀን ገደብ አለ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተራርቀው ሁለት የዓይነ ምድር ናሙናዎች መወሰድ፣ ከዚያም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ እንደጠበቁ በ3 ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለባቸው። ናሙናው ሲዘገይ ግን ማን እንዳዘገየው የሚያውቅ አይገኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዕለቱ መደወሏን ትናገራለች፤ የጤና ጣቢያው የቅኝት፣ ማለትም የበሽታ ክትትል፣ ተጠሪ መልእክቱ እንደደረሰው መውጣቱን ይገልጻል፤ የወረዳው ባለሙያ ደብዳቤውን በሰዓቱ መጻፉን ያሳያል፤ ሾፌሩም የስምሪት ወረቀት በተሰጠው ዕለት መንቀሳቀሱን ያስረዳል። አብዛኛውን ጊዜ አራቱም የሚናገሩት እውነታቸውን ነው። ጊዜው የጠፋው በአንዳቸው እጅ ላይ ሳይሆን ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ ያንን ቦታ ማንም የራሱ ሥራ አድርጎ አይቆጥረውም።

የሥራ ሂደት ካርታ የሚያስፈልገው ይህንን ባለቤት ያጣ ቦታ ለማየት ነው። መመሪያው የተጻፈው በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና በጤና ጣቢያ ደረጃ ባልደረቦቻቸውን ለሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰውን የድንገተኛ የእጅና የእግር መዛል ቅኝት፣ በተለምዶ ኤኤፍፒ የሚባለውን፣ እንደ ዋና ምሳሌ ይዞ ይሄዳል። የአፍሪካ አህጉር ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ቢረጋገጥም፣ ከዚያ ወዲህ በአገራችን ከክትባት የመነጨው ዓይነት ሁለት ቫይረስ የታየባቸው ጊዜያት ስላሉ፣ የልጅነት ልምሻን የመከታተሉ ሥራ ያለፈበት ጉዳይ አይደለም።

1. ከሥልጠናው በፊት ሂደቱን ይምረጡ

ሠልጣኞች በማያውቁት ፋብሪካ ወይም በተፈጠረ ታሪክ ላይ ተለማምደው ወደ ራሳቸው ሥራ ይመልሱታል ብሎ መጠበቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ሥልጠናው ከመጀመሪያው ሰዓት አንሥቶ በራሳቸው ሥራ ላይ ቢሆን ይበጃል። የሚመረጠው ሂደት መነሻውና መድረሻው የሚታወቅ፣ ቢያንስ በሦስት ሰዎች እጅ የሚያልፍ፣ ሲዘገይ ወይም ሲበላሽ በሰው ላይ ጉዳት የሚያስከትል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ራሳቸው ሊለውጡት የሚችሉት ክፍል ያለው መሆን አለበት። የፌዴራል በጀት አለቃቀቅን የመረጠ ቡድን ሁለት ቀን ሙሉ አማርሮ ይበተናል።

ሁለት ሂደቶችን ጎን ለጎን እንዲይዙ እመክራለሁ፤ አንዱ በየቀኑ የሚደጋገም፣ ሌላው አልፎ አልፎ የሚከሠት ይሁን። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኤኤፍፒ ቅኝት መለኪያ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ከሆኑ 100,000 ልጆች መካከል በዓመት ቢያንስ 2 በፖሊዮ ያልመጣ ድንገተኛ መዛል ተገኝቶ ሪፖርት እንዲደረግ ይጠብቃል። አንድ ወረዳ 45,000 ያህል ልጆች ቢኖሩት በዓመት የሚጠበቅበት 0.9፣ ማለትም አንድ ሕፃን ገደማ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ይረሳል፤ ባለፈው ዓመት የሠራው ባለሙያም ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሂደት ካርታው የማስታወሻ ያህል ያገለግላል፤ ነገር ግን ሰዓት ለክቶ አማካይ ለማውጣት የሚያስችል ብዛት የለውም። መለካትን የሚማሩት በየቀኑ በሚደጋገመው ላይ ሲሆን፣ ለዚህም የጤና ጣቢያው የተመላላሽ ታካሚዎች ጉዞ፣ ከካርድ ክፍል እስከ መድኃኒት መቀበያ ያለው፣ በቂ ነው።

2. ማን ይጠራ፣ የትስ ይካሄድ

ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል። በአብዛኛው አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎች ስላሉት፣ ከእያንዳንዱ ኬላ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከጤና ጣቢያው የቅኝት ተጠሪው፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛው፣ የክትባት ማቀዝቀዣውን የሚጠብቀው ባለሙያ፣ ከወረዳው ደግሞ የድንገተኛ አደጋዎች ባለሙያው ይጠራሉ። ሾፌሩን አይርሱት። በአንድ ጤና ጣቢያ ባካሄድነው ሥልጠና ናሙናው ለምን ሞቆ እንደሚደርስ ግማሽ ቀን ስንከራከር ቆይተን፣ በኋላ የተጠራው ሾፌር በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰልን፤ በመንገዱ ላይ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች የሚልኩትን ሰነድ እንዲያደርስ ስለሚታዘዝ፣ ካሪየሩ፣ ማለትም ናሙናው በቅዝቃዜ የሚጓዝበት ሳጥን፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለሰዓታት እንደሚቆይ ነገረን። ያንን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ቦታው ሥራው የሚሠራበት ጤና ጣቢያ ይሁን፤ የስብሰባ ክፍል ከሌለ የክትባት መጠበቂያው ጥላ ይበቃል። በከተማ ሆቴል አዳራሽ የሚሰጥ ሥልጠና ምቹ ቢሆንም፣ ሠልጣኙ ተነሥቶ ሄዶ የሚያየው ነገር ስለማይኖር በትዝታ ብቻ እንዲሥል ያስገድደዋል። የገበያ ቀንንና የክትባት ዘመቻ ሳምንትን ያስወግዱ። የሚያስፈልገው ዕቃ ትልልቅ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ማርከር፣ እርሳስ፣ ፕላስተርና ተለጣፊ ቁርጥራጭ ወረቀት ነው፤ ተለጣፊው ካልተገኘ ያገለገለ ወረቀት በአራት ቆርጦ በፕላስተር መለጠፍ ይቻላል። ኮምፒውተር በዚህ ደረጃ አያስፈልግም፤ እንዲያውም አንድ ሰው ብቻ ቁልፉን እየነካ ሌሎቹ ተመልካች ስለሚሆኑ ይጎዳል።

3. ግምገማ አለመሆኑን በግልጽ ያሳውቁ

በመሥሪያ ቤቶቻችን ሠራተኞች ተሰብስበው ስለ ሥራ ድክመት ሲነጋገሩ ወዲያው ወደ አእምሮ የሚመጣው ግምገማ ነው። በግምገማ የኖረ ሰው ራሱን ለመከላከል ይዘጋጃል፤ የሠራውን ሳይሆን መሥራት የነበረበትን ይናገራል። በዕድሜ የገፉት ደግሞ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጥናት የተካሄደበትን ዘመን ያስታውሳሉ፤ ብዙዎቹም ካርታው ተሥሎ ካለቀ በኋላ ከላይ እንደወረደላቸው ስለሚያስቡ፣ ይህም ሥልጠና የዚያ ተከታይ ይመስላቸዋል። ይህንን ስሜት እንዳላዩ ማለፍ አይገባም።

ስለዚህ በመክፈቻው ሦስት ነገሮችን በቃል ተናግረው በወረቀትም ይለጥፉ። የመጀመሪያው፣ በካርታው ላይ የሰው ስም አይጻፍም፣ የሥራ መደብ ብቻ ይጻፋል። ሁለተኛው፣ «ማን አጠፋ» የሚል ጥያቄ አይነሣም፣ «ሥራው የት ቆመ» የሚለው ብቻ ይነሣል። ሦስተኛው፣ እዚህ የተነገረ ነገር በማንም የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ አይውልም። ሦስተኛውን መናገር ያለበት አሠልጣኙ ሳይሆን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው፤ ቃሉ ዋጋ የሚኖረው ከእርሱ ሲመጣ ስለሆነ፣ ከአንድ ቀን በፊት አነጋግረው ያስማሙት። ከተናገረ በኋላ ለመጀመሪያው ግማሽ ቀን ወደ ሥራው ቢመለስና ካርታው ሲያልቅ ቢገኝ፣ በተለይ ወጣት ባለሙያዎች በነፃነት ይናገራሉ።

4. በቡና ይጀምሩ

ምልክቶቹን በትምህርት መልክ ከማቅረብ ይልቅ ሠልጣኞችን በሦስት ቡድን ከፍለው «ቡና ማፍላት» የሚለውን ሥራ በ20 ደቂቃ ውስጥ ደረጃ በደረጃ በቁርጥራጭ ወረቀት እንዲያስቀምጡ ያድርጉ። አንዱ ቡድን ከሰል ከማያያዝ ይጀምራል፣ ሌላው ጥሬ ቡናውን ከማጠብ፣ ሦስተኛው ከሱቅ ከመግዛት። አንዱ አቦል ሲቀዳ ያበቃል፣ ሌላው በረካ ተጠጥቶ ሲኒው ሲታጠብ። ጎረቤት መጥራትን ግን ሦስቱም የሚረሱበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ «ቡናው የሚፈላው ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሠልጣኞቹ ሁሉም በሚያውቁት ሥራ ላይ እንኳ መነሻና መድረሻ ካልተወሰነ ሦስት የተለያየ ካርታ እንደሚወጣ፣ እንዲሁም ሥራው የሚደረግለት ሰው ከካርታው ሊጠፋ እንደሚችል በራሳቸው እጅ ያዩታል። ይህንን በንግግር ለማስረዳት ቢሞክሩ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ከዚያ ምልክቶቹን ይስጡ። ሞላላ ቅርጽ መነሻና መድረሻን፣ አራት ማዕዘን አንድን ተግባር፣ ቀስት አቅጣጫን ያሳያል፤ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን፣ በተለምዶ ዳይመንድ የሚባለው፣ «አዎ» ወይም «የለም» የሚል መልስ የሚፈልግ ውሳኔ ነው። ሥራው ሳይሠራ የሚቆይበትን ቦታ ለማመልከት ሦስት ማዕዘን እንጠቀማለን። ሥራን በምልክት የመሣል ዘዴ በፍራንክና በሊሊያን ጊልብሬዝ አማካይነት ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ምልክቶች ተጨምረዋል፤ ለጤና ጣቢያ ሥራ ግን አምስቱ ይበቃሉ። ካይዘን ከሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ሥልጠና ሌላ ምልክት ለምደው የመጡ ካሉ በዚያው እንዲቀጥሉ ይፍቀዱ፤ አስፈላጊው ነገር በአንድ ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት መዋሉ ነው።

5. መነሻውንና መድረሻውን ይወስኑ

በኤኤፍፒ ምሳሌ ብዙዎች መነሻውን «ሕፃኑ በጤና ባለሙያ የታየበት ቀን» ያደርጉታል። ይህ ለመሥሪያ ቤቱ የሚስማማ መነሻ ነው እንጂ ለሕፃኑ አይደለም። የ14 ቀኑ ገደብ የሚቆጠረው መዛሉ ከጀመረበት ዕለት ስለሆነ መነሻው እርሱ መሆን አለበት። መድረሻውን በተመለከተም ናሙናው ከተላከ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ናሙናው በቂ ሳይሆን ሲቀር መዛሉ ከጀመረ ከ60 ቀን በኋላ ሕፃኑ እንደገና መመርመር አለበት፤ ቤተሰቡም ውጤቱን መስማት ይገባዋል። ሁለቱ በካርታው ካልተካተቱ የሚረሱት እነርሱ ናቸው።

6. ተነሥተው ይሂዱና ይከታተሉ

የሥልጠናው ከባዱና ፍሬያማው ክፍል ይህ ነው፤ ግማሽ ቀን ይስጡት። የማንኛውም ሥራ ሦስት ምስሎች አሉ፤ በመመሪያ የተጻፈው፣ ሠራተኛው እንደሚሠራ የሚያስበው፣ በእውነት የሚሠራው። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሥሉ ሰዎች የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን ይሥላሉ፤ የምንፈልገው ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ ሠልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ያለፈ ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሰነድና በሰው ይከታተሉ። የምርመራ ቅጹን፣ የተመላላሽ ታካሚዎች መዝገቡን፣ የናሙና መላኪያውን፣ የስምሪት ወረቀቱን ያገላብጡ፤ ከዚያም በየቦታው ያለውን ሠራተኛ ያነጋግሩ።

አጠያየቁን ራሱን ይለማመዱት። «ሪፖርት በሰዓቱ ትልኪያለሽ?» የሚለው ጥያቄ «አዎ» ከሚል መልስ በቀር ምንም አያስገኝም። «ባለፈው ጊዜ ሕፃኑን ካየሽ በኋላ መጀመሪያ ለማን ደወልሽ? ስልኩ ተነሣ? ባይነሣ ምን አደረግሽ? ዕቃው ከየት መጣ?» የሚሉት ግን የሆነውን ያወጣሉ። ጠያቂው ካልገባው «አሳየኝ» ይበል እንጂ አይገምት። ቤተሰቡን መጠየቅ የሚቻል ከሆነም አስቀድሞ ፈቃዳቸውን ጠይቆ በአክብሮት መነጋገር ይገባል፤ ከእነርሱ የሚሰማው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከጤና ኬላው በፊት ይጀምራል። እግሩ የዛለ ሕፃን ወድቆ ተጎድቷል ተብሎ ወደ ወጌሻ፣ ወይም ወደ ጠበል የሚወሰድበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ በካርታው ላይ መታየት ያለበት ቤተሰቡን ለመውቀስ አይደለም። ወጌሻው ከማንኛችንም በፊት ሕፃኑን የሚያይ ሰው በመሆኑ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ ቁጥር በእጁ ቢኖር የቅኝቱ የመጀመሪያ ዓይን ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ካርታዎችን የሚያበላሽ አንድ ነገር በጥንቃቄ ያስተምሩ፤ እርሱም የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። በአንድ ቅጽ ላይ መዛሉ የጀመረበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ናሙናው የተወሰደበት ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፎ ይገኛል። የዓመቱ ልዩነት ጎልቶ ስለሚታይ ይታረማል፤ የወሩና የቀኑ ግን ያሳስታል፣ በተለይ ጳጉሜን በመካከል ስትገባ። በሰዓትም «3፡00» ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይሁን ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጻፊው ካልተጠየቀ አይታወቅም። ሳምንታዊው የቅኝት ሪፖርትም ሰኞ ጀምሮ እሑድ በሚያበቃ ሳምንት ስለሚሠራ፣ ሠልጣኞች ማንኛውንም ጊዜ ሲመዘግቡ አንድ አቆጣጠር መርጠው በወረቀቱ አናት ላይ ይጻፉት።

7. ካርታውን በግድግዳ ላይ ያውጡ

ሲመለሱ ወረቀቶቹን በግድግዳ ላይ አያይዘው አግድም በመሥመር ይክፈሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ መሥመር ይሰጣል። በምሳሌያችን መሥመሮቹ የቤተሰብ፣ የጤና ኬላ፣ የጤና ጣቢያ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የመጓጓዣና የላቦራቶሪ ይሆናሉ። የቤተሰቡ መሥመር ከላይ ይሁን። በአንድ ቁራጭ ወረቀት አንድ ተግባር ብቻ ይጻፍ፤ ጽሑፉም የሚታይ ድርጊትን የሚገልጽ ግሥ ይኑረው። «ክትትል ማድረግ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ይነሣና ማን ምን እንደሚያደርግ ተለይቶ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ዳይመንድ ሁለት ቀስት መውጣት አለበት፤ «የለም» የሚለው ቀስት ወደየትም የማይሄድ ከሆነ፣ ችግር ሲያጋጥም ሠራተኛው ምን እንደሚያደርግ አልተነገረውም ማለት ነው። ቀስት ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ሁሉ በቀይ ማርከር ያድምቁ፤ እነዚህ ርክክቦች ናቸው።

ለልምምድ እንዲሆን የሚከተለውን የተዘጋጀ ምሳሌ ይጠቀሙ። መዛሉ የጀመረበትን ቀን ዜሮ እንበለው። ሕፃኑ እስከ 6ኛው ቀን በወጌሻ ዘንድ ቆየ፤ በ6ኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዘዋወር አገኘችው። የጤና ጣቢያው ተጠሪ ለሥልጠና ሄዶ ስለነበር መልእክቱ የደረሰው በ8ኛው ቀን ነው። የናሙና መያዣው በ10ኛው ቀን ኬላው ደረሰ፤ የመጀመሪያው ናሙና በ11ኛው፣ ሁለተኛው በ12ኛው ቀን ተወሰደ። መኪናው በ14ኛው ቀን ተነሥቶ ናሙናው በ16ኛው ቀን ላቦራቶሪ ገባ። ሁለቱም ናሙናዎች በ14 ቀን ውስጥ ተወስደዋል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ከተወሰደ በ4ኛው ቀን ስለደረሰ የ3 ቀኑን ገደብ አልፏል። ይህንን ከመንገራችሁ በፊት ሠልጣኞቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ጠብቁ።

8. ይተንትኑ

ከሁሉ በፊት ጊዜውን ይደምሩ። ከ16ቱ ቀን ውስጥ 6ቱ ሕፃኑ ሳይታይ፣ 2ቱ ተጠሪው ሳይሰማ፣ 2ቱ ዕቃ ሲጠበቅ፣ 1ዱ የመጀመሪያው ናሙና እስኪገኝ፣ 1ዱ በሁለቱ ናሙናዎች መካከል፣ 2ቱ መኪና ሲጠበቅ፣ 2ቱ በመንገድ አልፈዋል። በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ያለው አንድ ቀን የግድ ነው፤ ማሳጠር አይቻልም፣ አይገባምም። ተጠሪው ሳይሰማ ያለፈው ሁለት ቀን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኤኤፍፒ ወዲያውኑ ከሚነገሩ በሽታዎች አንዱ ሲሆን፣ ከአንዱ እርከን ወደ ሚቀጥለው መድረስ ያለበት በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱን ጊዜ «ሥራ የተሠራበት»፣ «የግድ የሆነ ቆይታ» እና «ሊቀር የሚችል ቆይታ» ብለው በሦስት ቀለም ይለዩ። ሰዎች ሰነፎች መሆናቸውን ሲሰሙ የኖሩ ባለሙያዎች፣ ከጊዜው አብዛኛው ማንም ሳይሠራ እንዳለፈ ሳይሆን ማንም እንዲሠራ ሳይነገረው እንዳለፈ ሲያዩ ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ።

ቀጥሎ አንድ ሊቀር የሚችል ቆይታ ይዘው «ለምን?» እያሉ ይውረዱ። መኪናው ለምን ሁለት ቀን ቆየ? የስምሪት ወረቀት ስላልተፈረመ። ለምን አልተፈረመም? ኃላፊው በስብሰባ ላይ ስለነበሩ። ለምን ሌላ ሰው አልፈረመም? የነዳጅ ወጪ የመፍቀድ ሥልጣን የእርሳቸው ብቻ ስለሆነ። ለምን? በጽሑፍ የተሰጠ ውክልና ስለሌለ። እዚህ ይቁሙ፤ በአንድ ደብዳቤ የሚስተካከል ነገር ተገኝቷልና። «ለምን» የሚለውን አምስት ጊዜ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሕግ አይደለም፤ ማቆም ያለብን እጃችን በሚደርስበት ምክንያት ላይ ነው። መልሱ «የሠራተኛ ቸልተኝነት» ከሆነ ገና አልተደረሰምና አንድ ጊዜ ይጨምሩ። መልሱ «የበጀት እጥረት» ከሆነም እንዲሁ።

ርክክቦቹን ሲመረምሩ ለእያንዳንዱ ቀይ ቀስት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚሰጠው ሰው ምን መስጠት እንዳለበት ያውቃል? የሚቀበለው መቀበሉን የሚያረጋግጠው በምንድን ነው? ተቀባዩ ባይኖር ሁለተኛው ማን ነው? በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝምታ የሚሰፍንበት ርክክብ ቀጥሎ የሚበላሽበት ቦታ ነው።

በየቀኑ ለሚደጋገመው ሂደት ትንተናው በቁጥር ይሁን። ለአንድ ቀን ለእያንዳንዱ ታካሚ ትንሽ ወረቀት ሰጥተው፣ በካርድ ክፍል፣ በትሪያጅ (ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት በሚለዩበት ቦታ)፣ በሐኪም ክፍል፣ በላቦራቶሪና በመድኃኒት መስጫ በር ላይ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ይመዝገብበት። ሰልፍን ለመገመት ደግሞ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠውን ቀላል ስሌት ያስተምሩ፤ የሚጠብቀውን ሰው ብዛት በሰዓት ለሚስተናገደው ብዛት ማካፈል ነው። በካርድ ክፍሉ ደጃፍ 30 ሰው ቆሞ በሰዓት 12 ሰው የሚስተናገድ ከሆነ፣ አሁን የመጣው ሰው 2 ሰዓት ተኩል ይጠብቃል። ላቦራቶሪው ባዶ ሆኖ ካርድ ክፍሉ ከተጨናነቀ፣ ለላቦራቶሪው ተጨማሪ ባለሙያ መጠየቅ ታካሚውን አንድ ደቂቃ አያተርፍለትም።

9. ለውጡን ጥቂት ያድርጉና ይሞክሩት

ከትንተናው 20 የመፍትሔ ሐሳብ ይወጣል። ሦስት ብቻ ይምረጡ፤ ሦስቱም ያለተጨማሪ በጀት በአንድ ወር ውስጥ የሚጀመሩ ይሁኑ። በምሳሌያችን ቢሆን ኖሮ እኔ የምመርጠው፣ በእያንዳንዱ ጤና ኬላ ሁለት ሁለት የናሙና መያዣ ከቅጹ ጋር አስቀድሞ ማስቀመጥን፣ ተጠሪው በማይኖርበት ጊዜ መልእክት የሚቀበል ሁለተኛ ሰው ከስልክ ቁጥሩ ጋር በጽሑፍ መሰየምን፣ እንዲሁም ለኤኤፍፒ ናሙና የሚወጣ ስምሪትን የሚመለከት የውክልና ደብዳቤን ነው። ለናሙና የሚውለው ካሪየር ለክትባት እንዳይውል ተለይቶ ይጻፍበት፤ አይስ ፓክ በማቀዝቀዣው መኖሩንም ማን በየሳምንቱ እንደሚያይ ይወሰን። አዲሱ ካርታ ከአሮጌው አጠገብ ይሣል፤ አሮጌው አይቀደድ።

በዓመት አንድ ጊዜ የሚያጋጥም ሂደት ተሻሽሎ እንደሆነ ለማወቅ ዓመት መጠበቅ አይገባም። የልምምድ ጥሪ ያዘጋጁ። ከአንድ ጤና ኬላ «እግሩ የዛለ ሕፃን ተገኝቷል፤ ይህ ልምምድ ነው» የሚል መልእክት ይተላለፍ፤ ባዶ መያዣ በካሪየር ተጭኖ እስከ ወረዳው ይጓዝ፤ በየርክክቡ ሰዓቱ ይመዝገብ። ልምምድ መሆኑ ከመጀመሪያው ቃል መነገር አለበት፤ አለዚያ በኅብረተሰቡ ዘንድ ድንጋጤ ይፈጠራል፣ በእውነተኛው ሪፖርት ውስጥም ሊገባ ይችላል።

10. ከሥልጠናው በኋላ ተመልሰው ይሂዱ

ሠልጣኝ መማሩ የሚታወቀው በፈተና ወረቀት አይደለም። በሁለት ሳምንቱ ተመልሰው ሦስቱ ለውጦች የት እንደደረሱ ይዩ፤ በሁለት ወሩ ደግሞ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በሥልጠናው ያልተነካ ሌላ ሂደት፣ ለምሳሌ የኩፍኝ ተጠርጣሪ የደም ናሙናን ወይም የሳምባ ነቀርሳ አክታ ምርመራን፣ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሥሎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የተሣለው ካርታ ሁሉም ደረጃዎች በጤና ጣቢያው መሥመር ላይ ብቻ የተደረደሩበት ከሆነ፣ ሠልጣኙ ተነሥቶ እንዳልሄደ ያውቃሉ፤ አብረውት ይሂዱ።

ካርታው ቀን ተጽፎበት በቅኝት ተጠሪው ጠረጴዛ አጠገብ ይለጠፍ። ተጠሪው ሲዛወር በሚሞላው የርክክብ ቅጽ ላይ፣ ከማኅተሙና ከመዝገቦቹ ቀጥሎ «የሥራ ሂደት ካርታ» የሚል አንድ መሥመር ይጨመርበት፤ ተረካቢውም ከመፈረሙ በፊት ካርታውን በእግሩ ተከትሎ ከጤና ኬላ እስከ ስምሪት ክፍሉ አንድ ጊዜ ይሂድ።